አዲሱን አስትሮይድ ማን ይመሰክርለታል?

መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ገና እኩለ ሌሊት አልሆነም ነበር። በሌመን ተራራ ላይ ካለው ቴሌስኮፕ የሚመጡትን ምስሎች የሚከታተለው ሪቻርድ ኮዋልስኪ ከከዋክብቱ መካከል ቦታዋን የምትለቅ አንዲት ነጥብ አየ። ያለችበትን ቦታ ለክቶ ላከ። ጥቂት ሰዓታት ሳያልፉ የምሕዋር ስሌቱ ያልተጠበቀ ውጤት አመጣ፦ ነጥቧ ወደ መሬት እየመጣች ነው፤ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰሜን ሱዳን ላይ ትወድቃለች።

ወሬው እንደተሰማ ከ20 በላይ የሆኑ የባለሙያና የአማተር ኦብዘርቫቶሪዎች ቴሌስኮፖቻቸውን ወደዚያው አዞሩ፤ ከ500 በላይ የቦታ ልኬቶች ተሰበሰቡ። በማግስቱ ንጋት 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፣ 4 ሜትር ገደማ ስፋት የነበራት አለት ከኑቢያ በረሃ በላይ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳች። በኅዳር ወር መጨረሻ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በሙአዊያ ሻዳድና በፒተር ጄኒስከንስ መሪነት በረሃውን በሰልፍ አሰሱ። በተከታታይ አሰሳዎች 600 ገደማ ቁርጥራጮች፣ በድምሩ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ፣ ተለቀሙ። 2008 ቲሲ3 የሚል መለያ የተሰጣት ይህች አለት ገና ሰማይ ላይ ሳለች ታውቃ፣ ከወደቀች በኋላ ስብርባሪዋ በእጅ የተያዘ የመጀመሪያዋ አስትሮይድ ናት።

ኮዋልስኪ ያየው ነጥብ ብቻ ነበር። የት እንደምትወድቅ በትክክል የታወቀውና ተማሪዎቹ የሚፈልጉበትን ስፍራ ያገኙት ከእርሱ በኋላ ያዩት ሰዎች በላኩት ልኬት ነው። ከእነዚህ መካከል ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ በገዛ ቴሌስኮፓቸው ከግቢያቸው የሚሠሩ አማተሮች ነበሩበት። ይህ ጽሑፍ የእነርሱን ሥራ ያስተዋውቃል። እግረ መንገዱንም እንደ አርዲቦ ሐይቅ ያለ የወሎ ደጋ ለዚህ ሥራ ምን ሊያበረክት እንደሚችል ያሳያል።

አንዲት ነጥብ ምን ትናገራለች?

አስትሮይድ ማለት ፀሐይን የሚዞር፣ ከፕላኔት በጣም ያነሰ የድንጋይ ወይም የብረት አካል ነው። አብዛኞቹ በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ሰፊ መቀነት ውስጥ ይገኛሉ። ጅራታም ኮከብ ደግሞ በረዶና አቧራ የተቀላቀለበት ነው፤ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው እየተነነ በዙሪያው ጭጋግ ይፈጥራል፣ አንዳንዴም ጅራት ያወጣል። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም እንደ ደብዛዛ ኮከብ ናቸው። ከኮከብ የሚለያቸው መንቀሳቀሳቸው ነው።

ሰማይን በየሌሊቱ የሚያስሱት ታላላቅ ቴሌስኮፖች፣ በአሪዞና ካታሊና፣ በሃዋይ ፓን-ስታርስ፣ በሃዋይ፣ በቺሊና በደቡብ አፍሪካ አትላስ፣ ይህንኑ ይጠቀማሉ። አንድን የሰማይ ክፍል በአጭር ጊዜ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ አራት ጊዜ ያነሡታል። ከዋክብቱ ባሉበት ይቆያሉ፤ ቦታውን የቀየረው ነጥብ በኮምፒውተር ይለያል። የታወቁት አስትሮይዶች ዛሬ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ምሕዋራቸው ወደ መሬት የሚቀርበው ብቻ ከ40,000 አልፏል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ነጥቡ ከእነዚህ አንዱ እንደሆነ ነው። ካልሆነ አዲስ ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። አራቱ ምስሎች የሚሸፍኑት አንድ ሰዓት ያልሞላ ጊዜ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የታየ ትንሽ ጉዞ ቅርብ ካለች ትንሽ አለትም፣ ሩቅ ካለ ትልቅ አካልም ሊመጣ ይችላል። ከእነዚያ አራት ነጥቦች ጋር የሚስማሙ ምሕዋሮች እጅግ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም ለነገ ማታ የተለየ ቦታ ይተነብያል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር መፈለግ ያለበት የሰማይ ክፍል ይሰፋል። በዚያው ሌሊት ወይም በማግስቱ ሌላ ሰው ካላየው አካሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ዳግም የሚገኘውም ምናልባት ከዓመታት በኋላ እንደ አዲስ ነው።

ከዚህ ሌላ ሐሰተኛ ነጥብም አለ፤ የካሜራ ጉድለት፣ የሳተላይት ብልጭታ፣ ወይም ሰው ወደ ሕዋ የላከው ዕቃ። እ.ኤ.አ ጥር 2025 መጀመሪያ ላይ 2018 ሲኤን41 ተብሎ የተመዘገበ «አስትሮይድ» አንድ ቀን ሳይሞላው ከመዝገብ ተሰረዘ። በ2018 ከሮኬት ጋር ወደ ሕዋ የተወነጨፈችው የቴስላ መኪና ሆና ተገኘች! ነጥቦቹን ከድሮ ልኬቶች አገናኝቶ ያቀረበው በቱርክ የሚኖር አማተር ነበር።

የማረጋገጫው ሰሌዳ

በአገራችን ሽማግሌ ፊት የአንድ ሰው ቃል ብቻውን ነገር አይቋጭም፤ ምስክር ይቆጠራል፣ ምስክሩ የት ቆሞ ምን ሰዓት ላይ እንዳየ ይጠየቃል። የሰማዩም ዳኝነት እንዲሁ ነው። ችሎቱ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ከተማ የሚገኘው የጥቃቅን ፕላኔቶች ማዕከል ሲሆን የሚሠራው በዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት ሥር ነው። የዓለም ልኬት ሁሉ እዚያ ይከማቻል።

አንድ አዲስና አጠራጣሪ ነጥብ ሲመጣ ማዕከሉ በማረጋገጫ ሰሌዳ ላይ ያወጣዋል። ለጅራታም ኮከቦች የተለየ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ለማንም ክፍት ነው። ማንኛውም ተመልካች ከፍቶ፣ ያለበትን ቦታ አስገብቶ፣ ነጥቡ ዛሬ ማታ ከእርሱ ሰማይ የት አካባቢ ሊገኝ እንደሚችል ያሰላል። ከዚያም ቴሌስኮፑን አዙሮ ተከታታይ ፎቶ ያነሣል።

ፎቶው በራሱ ልኬት አይደለም። ተመልካቹ እንደ አስትሮሜትሪካ ወይም ታይኮ ትራከር ባለ ሶፍትዌር የነጥቡን ቦታ በዙሪያዋ ካሉት ከዋክብት ጋር እያስተያየ ያሰላል። የከዋክብቱ ትክክለኛ ቦታ ጋያ የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ካዘጋጀው ዝርዝር ይወሰዳል። የሚጠበቀው ጥራት አንድ የማዕዘን ሴኮንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ስሕተት ነው። አንድ ዲግሪ ለ3,600 ሲካፈል አንድ የማዕዘን ሴኮንድ ይሆናል፤ የሙሉ ጨረቃ ስፋት 1,800 ገደማ የማዕዘን ሴኮንድ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ እኛ የቀረበች አለት በአንድ ደቂቃ 60 የማዕዘን ሴኮንድ ብትጓዝ፣ የአንድ ሴኮንድ የሰዓት ስሕተት ልኬቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከጂፒኤስ ወይም ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር ይመሳከራል።

ከሁሉ በኋላ ወደ ማዕከሉ የሚላከው ለእያንዳንዱ ልኬት ጥቂት ቁጥሮች ናቸው፦ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ድምቀቱ፣ የተመልካቹ የጣቢያ ኮድ። ልኬቶቹ ሲስማሙ አካሉ ጊዜያዊ መለያ ያገኛል፤ መለያውም ራሱ ይነበባል። 2024 ዋይአር4 የሚለውን እንውሰድ። ዓመቱ 2024 ነው። «ዋይ» የተገኘበትን ግማሽ ወር፣ ማለትም የዲሴምበርን ሁለተኛ አጋማሽ ያመለክታል። «አር4» ደግሞ በዚያ ግማሽ ወር ውስጥ ያለውን ተራ ይቆጥራል፤ ሲሰላ 117ኛ ይሆናል። ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዘግይቶ፣ ምሕዋሩ በበርካታ ዓመታት ክትትል ሲጸና ነው። ስም የሚወጣለትም ከዚያ በኋላ ነው።

ጅራታም ኮከብ ሲሆን

በጅራታም ኮከብ ረገድ የአማተሮች ድርሻ የቆየና የጎላ ነው፤ ኮከቡ የሚጠራው በአግኚው ስም በመሆኑ ደግሞ ታሪካቸው አልጠፋም። በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው ጃክ ቤኔት ሰማይን በትንሽ ቴሌስኮፕ በዓይኑ ሲያስስ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 28 ቀን 1969 አንድ ጅራታም ኮከብ አገኘ። በ1970 የቤኔት ኮከብ ያለ መሣሪያ የሚታይ ድንቅ ሆነ። ሄል-ቦፕ ከተባለው ጅራታም ኮከብ ሁለት አግኚዎች አንዱ የሆነው ቶማስ ቦፕም በ1995 አማተር ነበር።

ዛሬ ብዙዎቹን ጅራታም ኮከቦች ቀድመው የሚያገኙት ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች ናቸው። ነገር ግን እነርሱ በፍጥነት ስለሚያስሱ፣ የሚመዘግቡት ብዙውን ጊዜ ተራ ነጥብ ነው። ነጥቡ ጭጋግ እንዳለው የሚያየው ቀጥሎ የመጣው ሰው ነው። አንድ ታጋሽ አማተር በደርዘን የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንሥቶ፣ በአካሉ ጉዞ ልክ እያንሸራተተ ይደራርባቸዋል። ከዋክብቱ መስመር ይሆናሉ፣ ደብዛዛው አካል ግን ይጎላል። ከዚያ የነጥቡን ስፋት በአቅራቢያው ካሉት ከዋክብት ስፋት ጋር ያመዛዝናል። ከከዋክብቱ ሰፍቶ፣ ዳር ዳሩ ለስልሶ ከታየ፣ ያ አካል ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል። ሌሎችም ይህንኑ ሲያዩ ይታወጃል።

በቅርብ ጊዜ ከተገኙት ሁሉ የሚያስገርመው የገናዲ ቦሪሶቭ ግኝት ነው። ነሐሴ 24 ቀን 2011 ዓ.ም በክሪሚያ ራሱ በሠራው 65 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ አንድ ደብዛዛ አካል ከንጋት በፊት ዝቅ ብሎ አየ። ነጥቡ ሰሌዳው ላይ ወጣ፤ አማተሮችና ባለሙያዎች በየንጋቱ ይከታተሉት ጀመር። ልኬቱ በበዛ ቁጥር ስሌቱ ወደ አንድ እንግዳ ውጤት አመራ። የማንኛውም ፀሐይን የሚዞር አካል ምሕዋር የሞላላነት መጠን ከ1 በታች ነው፤ የዚህኛው ከ3 በላይ ሆነ። ያ ማለት ፀሐይ አስራ አታስቀረውም፤ ከሌላ ኮከብ አካባቢ መጥቶ በእኛ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ነው። ማዕከሉ ይህን ይፋ ያደረገው ጳጉሜን 6፣ የእኛ አዲስ ዓመት ዋዜማ ዕለት ነበር። 2አይ ቦሪሶቭ ከሌላ የኮከብ ሥርዓት እንደመጣ የተረጋገጠ ሁለተኛው አካል ሆነ።

3.1 በመቶ

የማረጋገጥ ሥራ ስንት ዋጋ እንዳለው ብዙ ሰው የተረዳው በ2024 ዋይአር4 ሰሞን ነው። አስትሮይዱን በቺሊ ያለው የአትላስ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 27 ቀን 2024 አገኘው። ስፋቱ 60 ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ከተማ ላይ ቢወድቅ ትልቅ ጥፋት የሚያደርስ ነው። ዲሴምበር 22 ቀን 2032 መሬትን የመምታት ዕድል እንዳለው ተሰላ። የካቲት ውስጥ ዕድሉ 3.1 በመቶ ደረሰ። ሊወድቅበት ይችላል የተባለው ቀጭን መስመር ከደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ደቡብ እስያ ይዘልቅ ነበር፤ ኢትዮጵያና ሱዳንም ስማቸው ተነሥቷል።

ብዙዎች ግራ የተጋቡት ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ እየጨመረ መሄዱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልኬቱ ጥቂት ሲሆን አስትሮይዱ በዚያ ቀን ሊገኝበት የሚችለው ስፍራ እጅግ ረጅም ነው፤ መሬት ከዚያ ርዝመት ውስጥ የምትይዘው ጥቂት ነው። አዳዲስ ልኬቶች ስፍራውን ሲያጠቡት፣ መሬት አሁንም በውስጡ እስካለች ድረስ ድርሻዋ ይጨምራል። ስፍራው ይበልጥ ሲጠብና መሬት ከውጭ ስትቀር ግን ዕድሉ በአንዴ ይወርዳል። የሆነውም ይኸው ነው፤ የካቲት ሳያልቅ ቁጥሩ ከአንድ በመቶ መቶኛ በታች ሆነ። አስትሮይዱ መንገዱን አልቀየረም። የተቀየረው ስለ መንገዱ ያለን ዕውቀት ነው፤ ያንንም ያመጡት ነጥቧ እየደበዘዘች እስክትሄድ ድረስ በየሌሊቱ የለኳት ተመልካቾች ናቸው።

ከአርዲቦ ሲታይ

አርዲቦ ከሐይቅ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ ትርፍ ውሃው ቁልቁል ወደ ሎጎ ሐይቅ ይወርዳል። እዚህ ቦታ አንድ ቴሌስኮፕ ቢተከል ምን ይጠቅማል?

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስላ። የሃዋይ ሰዓት ከእኛ በ13 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሆኖ ቴሌስኮፖቹ ሲዘጉ፣ አርዲቦ ላይ ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ ከዋክብት መውጣት ጀምረዋል። የአሪዞና ሰዓት ደግሞ በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ ሌሊቱን የተገኘ ነጥብ ሊጠፋ ሲቃረብ፣ ቀጥለው በጨለማ ከሚጠብቁት አንዱ የእኛ የምድር ዘርፍ ነው። ከአውሮፓ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው በዚህ ዘርፍ አውሮፓ ብዙ አማተሮች አሏት፤ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ክፍተቱ ሰፊ ነው።

ሁለተኛው ኬክሮሱ ነው። አርዲቦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ከዚህ ሆኖ የሰሜኑን ሰማይ ሙሉ በሙሉ፣ የደቡቡን ደግሞ ከጫፉ ጥቂት በስተቀር ማየት ይቻላል። በመካከለኛው አውሮፓ የሚኖር አማተር የማያየው የደቡብ ሰማይ ክፍል ለወሎ ሰው በየዓመቱ ከአድማስ በላይ ይወጣል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ቅርብ ያለ አካል ከተለያየ ቦታ ሲታይ ከከዋክብቱ አንጻር የተለያየ ስፍራ ላይ ይታያል። አርዲቦና አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። አንድ አስትሮይድ በጨረቃ ርቀት ላይ ከበላያችን ቢያልፍና በአንድ ቅጽበት ከአርዲቦና ከእንጦጦ ቢነሣ፣ ሁለቱ ፎቶዎች 140 የማዕዘን ሴኮንድ ያህል ይለያያሉ። ይህ የሙሉ ጨረቃ ስፋት አንድ አሥራ ሦስተኛ ነው፤ ስሕተቱ ከአንድ የማዕዘን ሴኮንድ በታች ለሆነ ካሜራ ትልቅ ልዩነት ነው። ከዚህ ልዩነት ብቻ የአካሉ ርቀት ወዲያውኑ ይሰላል።

እርግጥ ነው እንቅፋትም አለ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ክረምቱ ሰማዩን ይዘጋል፤ በልግም አንዳንድ ወራትን ይነካል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ዋናው የሥራ ወቅት ይሆናል። የኮምቦልቻና የደሴ መብራት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ በኩል ሰማዩን ያቀላዋል። ከውሃው የሚነሣው እርጥበት ደግሞ ንጋት ላይ መስታወቱን ስለሚያላብሰው፣ ቴሌስኮፑን ከሐይቁ ዳር ራቅ አድርጎ ገመገም ላይ መትከል ይሻላል።

ከየት ይጀመራል?

ለአገራችን ይህ ሥራ ከባዶ የሚነሣ አይደለም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ በ2004 ተመሥርቶ ሥነ ፈለክን በትምህርት ቤት ክበቦች ሲያስፋፋ ቆይቷል። በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም በላሊበላ የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ሲታይ ደግሞ ሰሜን ወሎ የዓለም ተመልካቾች መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ቴሌስኮፕ የሌለው ክበብም መጀመር ይችላል። ከ2006 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚሠራው ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ፍለጋ ትብብር ለተማሪዎች የፓን-ስታርስ ምስሎችን በነፃ ይልካል፤ ተማሪዎቹ በአስትሮሜትሪካ እየፈለጉ የሚንቀሳቀሰውን ነጥብ ሪፖርት ያደርጋሉ። ዘ ዴይሊ ማይነር ፕላኔት የተባለው ፕሮግራምም የካታሊናን ምስሎች ለማንም ሰው ያቀርባል። የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ነው። የደሴ፣ የሐይቅ ወይም የውጫሌ ተማሪ ዓይኑን የሚያሠለጥነው በዚህ ነው፤ እውነተኛውን ነጥብ ከካሜራ ጉድለት መለየት የሚለመደው በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎችን በማየት ነው።

ቀጣዩ ደረጃ የራስ መሣሪያ ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ፣ የሰማይን ዙረት የሚከተል ማቆሚያ፣ ለደብዛዛ ብርሃን የተሠራ ካሜራና ላፕቶፕ ያስፈልጋሉ። የመብራት መስመር በሌለበት በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ይበቃል። ምስሎቹ ላፕቶፑ ላይ ስለሚቀሩና የሚላኩት ቁጥሮች ብቻ ስለሆኑ የሞባይል ኢንተርኔት ከበቂ በላይ ነው። ዋጋው ለአንድ ግለሰብ ይከብዳል፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ላለ ተቋም ግን የሚቻል ነው።

መሣሪያው ከተሰናዳ በኋላ ማዕከሉ የጣቢያ ኮድ ከመስጠቱ በፊት ፈተና ይሰጣል። ተመልካቹ ምሕዋራቸው በደንብ የታወቀ፣ ቋሚ ቁጥር ያላቸውን አስትሮይዶች ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ሌሊቶች ለክቶ ይልካል። ማዕከሉ መልሱን ስለሚያውቅ ልኬቱን ያርማል፤ ሰዓቱ የተዛባ፣ የጣቢያው ኬክሮስና ኬንትሮስ በስሕተት የተጻፈ ከሆነ ወዲያው ይታያል። የአዲስ አካል ምስክር መሆን የሚቻለው በታወቀው ላይ ታማኝነትን ካስመሰከሩ በኋላ ነው።

ለዚህ ፈተና ከሚመረጡት መካከል አንዱን አሁኑኑ መጠቆም ይቻላል። ሲሪል ጃክሰን በጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ ኦገስት 1 ቀን 1937፣ አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች፣ በዋናው መቀነት ውስጥ ያገኘው አስትሮይድ ቋሚ ቁጥሩ 1432 ነው። ምቹ ቦታ ላይ ሲሆን 20 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕና ካሜራ ይይዘዋል። ስሙም በማዕከሉ መዝገብ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ተጽፏል። የወሎ ክበብ የመጀመሪያ የፈተና ልኬቶቹን በእርሱ ቢጀምር ተገቢ ነው።